ለልጃችሁ የውጭ ቋንቋ ስትመርጡ መጀመሪያ ቤታችሁ ውስጥ ማን እንዳለ እዩ

አዳማ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይዟል። ልጆቻችንን ምን ቋንቋ እናስተምር? አንዱ ቻይንኛ ይላል፣ ሌላው ፈረንሳይኛ። የኮሪያ ድራማ በሚታይበት ቤት ደግሞ ልጅቷ ራሷ መርጣ ጨርሳለች። እኔ መናኸሪያ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ቀሚስ ለማሳጠር፣ ዩኒፎርም ለማሰፋት የሚመጡ እናቶች ልኬት ወስጄ እስክጨርስ ወሬያቸው የልጅ ነው። ልጆቼን በዐረብኛ ሳናግር ስለሚሰሙኝ "እስቲ አንቺ ንገሪን" ይሉኛል። ለእነሱ የምለውን ነው እዚህ የምጽፈው።

መልሴ በጥያቄ ይጀምራል። ማክሰኞ ማታ መብራት ሄዷል፣ ኔትወርክም የለም እንበል። ልጅሽን በዚያ ቋንቋ የሚያናግረው ማነው? ስም ጥሪልኝ። አክስቱ ናት? ጎረቤት ነው? አንቺ ነሽ? የምትጠሪው ሰው ከጠፋ ምርጫው ገና አላለቀም።

በዓለም ላይ ስንት ሰው ይናገረዋል የሚለው ከዚህ በኋላ ይመጣል። ቻይንኛን ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው ይናገረዋል። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ እንኳ እናንተ ቤት ቡና የማይጠጣ ከሆነ ለ7 ዓመት ልጅ ምን ይፈይድለታል?

መጀመሪያ ያለውን ቁጠሩ

የአዳማ ልጅ ከዜሮ አይነሣም። እቤት አማርኛ ይሰማል፣ ግቢ ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ። ጉራጊኛ ወይም ትግርኛ የሚጨመርበት ቤትም ሞልቷል። ብዙው ልጅ ሁለት ዓይነት ፊደል ይለያል፤ ሀሁን እና ቁቤን። ወረቀት አውጡና ጻፉት። የሚናገረውን በአንድ በኩል፣ ሰምቶ የሚገባውን በሌላ በኩል። "ከአማርኛ ሌላ አያውቅም" የምትሉት ልጅ ስንት እንደሚሰማ ስታዩ ትገረማላችሁ።

ይህን ስትጽፉ ሁለት ነገር ሊወጣ ይችላል። አንደኛው፣ ልጁ አዳማ ተወልዶ አድጎ አፋን ኦሮሞ አይናገርም። እንዲህ ከሆነ እዚሁ ቁሙ። የውጭ ቋንቋው ይቆይ። ነገ ቢሮ ገብቶ ጉዳይ የሚያስፈጽመው፣ ሱቅ የሚከፍተው፣ ጓደኛ የሚያፈራው በዚህ ቋንቋ ነው። አስተማሪውም ገንዘብ አይጠይቅም፤ አሁን በራችሁ ላይ ኳስ እየተጫወተ ነው። ልጁን ከቴሌቪዥን ፊት አስነሥቶ ወደ ውጭ መላክ ብቻ ነው። በዚህ ጉዳይ ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬያለሁ፤ አሁንም አልለቅም።

ሁለተኛው እንግሊዝኛ ነው። እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ የተማረ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ሒሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። እዚያ ላይ የሚወድቀው ልጅ ብዙ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ 5ኛ ወይም 6ኛ ክፍል ደርሶ የእንግሊዝኛ አንቀጽ አንብቦ የማይገባው ከሆነ፣ የምትመርጡት የውጭ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። አለቀ። ስትረዱት ግን በማንበብ እርዱት። "ካም ሂር"፣ "ሲት ዳውን" እያሉ አማርኛውን የሚያስረሱ ወላጆች አሉ። ኧረ ተዉ። የወላጁ እንግሊዝኛ ከትእዛዝ አያልፍም። ልጁ ደግሞ ወሬ ይፈልጋል፣ ተረት ይፈልጋል። ያንን በአማርኛችሁ ስጡት፤ እንግሊዝኛውን መጽሐፍ ላይ አንድ ላይ አንብቡ።

እነዚህን ሁለቱን አልፋችሁ ከሆነ እንቀጥል።

"ሥራ የሚገኝበትን" ለሚሉ

ይህን ከተማ እዩት። የፈረንሳዩ ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ በእኛ በኩል አልፎ ነው። የባቡሩ መሥሪያ ቤት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በዚያ ዘመን ፈረንሳይኛ የሚያቀላጥፍ የጣቢያ ሠራተኛ ሰፈሩ ሁሉ ያከብረው ነበር። ከዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወንጂ ላይ ደግሞ ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1954 እ.ኤ.አ. ስኳር ፋብሪካ ከፈተ። እዚያም ከሆላንዶቹ ጋር ለመግባባት ቋንቋቸውን፣ ደችን፣ የለቃቀመ ሰው አልጠፋም። ደርግ ፋብሪካውን ወረሰው፣ ሆላንዶቹ ሄዱ። ዛሬ ወንጂ ላይ ደች ለማን ይነገራል? ባቡሩም ቆመ፣ ፈረንሳይኛውም ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀረ።

አሁን የቻይንኛ ተራ ነው። የፍጥነት መንገዱ በ2014 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ተርባይኖች፣ አዲሱ የጅቡቲ ባቡር፣ ይህ ሁሉ የቻይና ኮንትራክተር ሥራ ነው። ያኔ ቻይንኛ የሚችል ልጅ አስተርጓሚ ሆኖ ጥሩ በልቷል። እኔም አይቻለሁ፤ አልክድም። ነገር ግን ዛሬ 7 ዓመት የሆነው ልጅ ሥራ ለመያዝ ገና 15 ዓመት ይቀረዋል። ያኔ ከተማው ውስጥ የማን ኩባንያ እንደሚኖር ማን ያውቃል? ሥራ ማስታወቂያ አይቶ ቋንቋ መምረጥ ለ22 ዓመት ወጣት ይሠራል። ለሕፃን አይሠራም።

ለሕፃን የሚሠራው ቤት ውስጥ ያለው ሰው ነው።

የእኔ ቤት፦ ዐረብኛ

ዐረብኛ የመረጥኩት ስላለኝ ነው። ቤሩት ሰው ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ካመጣሁት ውስጥ ዛሬም የሚሠራው ቋንቋው ነው፤ ቴሌቪዥኑ ከተበላሸ ቆየ። ባሌ ደግሞ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። እሱም ወደብ ላይ የለቃቀማት ዐረብኛ አለችው።

አዳማ ውስጥ ከቤሩት፣ ከጂዳ፣ ከሪያድ፣ ከኩዌት የተመለሰች ሴት የሌለችበት ሰፈር ንገሩኝ። የለም። ግን ቋንቋውን ይደብቁታል። ምክንያቱ ይገባኛል። አንዷ ደንበኛዬ ልጄን ሳናግር ሰምታ "ውይ አንቺ፣ ልጆችሽንም ሰው ቤት ልትልኪ ነው እንዴ?" አለችኝ። ቀልዳ ነው። ቀልዱ ግን ብዙ እናቶችን ዝም አሰኝቷል። እኔ የመለስኩላት እንዲህ ብዬ ነው፦ ዱባይ ዕቃ የሚያወጣው ነጋዴ በምን ይከራከራል? ከካርቱም ተሰድዶ የመጣ ሕመምተኛ ሐኪም ቤት ሲገባ ማን ያስተረጉምለታል? ዐረብኛ የተባበሩት መንግሥታት ከሚሠራባቸው 6 ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የአፍሪካ ኅብረትም ይሠራበታል። ሱዳንም ጅቡቲም ሶማሊያም የሥራ ቋንቋ አድርገውታል፤ ሦስቱም ጎረቤቶቻችን ናቸው። እናት ወለል እየወለወለች የተማረችው ቋንቋ ስለሆነ ዋጋው አይቀንስም።

ሌላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የእስልምና ቋንቋ አይደለም ወይ?" አለችኝ። ቤሩት ማዳሜ ክርስቲያን ነበረች፤ እሁድ በዐረብኛ ነበር የምታስቀድሰው። ግብፅ ውስጥም ኮፕቶች በዐረብኛ ይቀድሳሉ። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጳጳሶቻችን ከእነሱ ነበር የሚመጡት። ከግዕዝ መጻሕፍታችንም ብዙዎቹ ከዐረብኛ የተመለሱ ናቸው። ልጁ መድረሳ የሚሄድ ጎረቤት ደግሞ ከሁላችን ይቀድማል፤ ፊደሉን ጨርሶታል። እሱ የሚቀረው የሚያነበውን ወደ ወሬ ማምጣት ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ዐረብኛ ሩቅ አይደለም። በቀናት ጀምሩ። አሐድ፣ አርቢዓ፣ ኸሚስ ስትሉት እሑድ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ እንደሆነ ራሱ ይደርስበታል። ስታናግሩት "ኢንታ"፣ እህቱን "ኢንቲ"። አንተና አንቺ መለየት ለእኛ ልጅ አዲስ አይደለም።

ቁጥር ላይ ግን ተጠንቀቁ። አርበዓ፣ ኸምሳ፣ ሰብዓ፣ ተማንያ ማለት አራት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ስምንት ነው። ለልጁ ጆሮ ግን አርባ፣ ሃምሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ ይመስላል። ትንሹን ልጄን ከቆርቆሮው ውስጥ "ኸምሳ ቁልፍ ስጠኝ" ብዬው መሬት ቁጭ ብሎ ሃምሳ ሊቆጥር ጀመረ። እህቱ እየሳቀች ዝም ብላ አየችው። ሃያ ምናምን ላይ ሲደርስ "አምስት ነው ያለችህ" አለችው፣ ቆርቆሮውን ትቶ ሊመታት ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ቁጥርን በጣት ሳናሳይ አንናገርም። እናንተም ቁልፍም ይሁን ሽምብራ የሚቆጠር ነገር አስቀምጡ። አፍ ብቻውን እነዚህን አራቱን አያስለይም።

ከዐረብ አገር የተመለስን ሴቶች አንድ ማወቅ ያለብን ነገር አለ። ሰው ቤት የተማርነው በትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙም ለሴት የሚነገር ነው። ታዒ፣ ጂቢ፣ ሩሒ። ነይ፣ አምጪ፣ ሂጂ። ስለዚህ ከእኛ ውስጥ ወንዱንም "ሩሒ" የምትል ሞልታለች። ወንድ ልጅ ከእናቱ ይህን ይዞ ካደገ ይሳቅበታል። ለወንድ ታዓ፣ ጂብ፣ ሩሕ ነው። ከዚህ ሌላ የትእዛዝ ቋንቋ ጥያቄ የለውም። "ምን አየህ? ማን አስቀየመህ? ከዚያስ?" የሚለውን ማንም አልጠየቀንም፤ ስለዚህ አፋችን ላይ የለም። ይህን እኔ የሞላሁት በካርቱን ነው። ስፔስቱን የሚባለው የልጆች ጣቢያ ካርቱኖቹን የሚያቀርበው በፉስሓ ነው፤ በመጽሐፉ ዐረብኛ ማለት ነው። ዲሹ ወደ ኢትዮሳት የዞረበት ቤት ዩቲዩብ ላይ ያገኛል። በሌሊት ጥቅል አውርዳችሁ ብታስቀምጡ ይረክሳል።

የመጽሐፉ ዐረብኛና የቤሩት ዐረብኛ ይለያያሉ። ግብፅም የራሷ አላት፣ የባሕረ ሰላጤውም። አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ ይተወዋል። አትተዉት። በቤታችሁ ያለውን አነጋገር ለወሬ ተጠቀሙ፣ ፉስሓውን ለንባብ። የዐረብ ልጆችም የሚያድጉት እንደዚሁ ነው።

ፊደሉ 28 ነው። 33ቱን ቤት ከነሰባቱ ድምፅ የቆጠረ ልጅ በ28 አይደነግጥም። ከቀኝ ወደ ግራ መጻፉ ለአዋቂ ነው የሚከብደው፤ ልጅ ጨዋታ ይመስለዋል። የሚያስቸግረው ፊደሉ በቃሉ መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ መልኩን መቀያየሩ ነው። ቤተ ክርስቲያን አበገደ የቆጠረ ልጅ ካላችሁ ደግሞ አብጀድ፣ ሀወዝ፣ ሑጢ፣ ከለመን በሉለት። አበገደ፣ ሀወዘ፣ ሐጠየ፣ ከለመነ እያለ ይከተላችኋል።

ቤታችሁ ውስጥ ማንም ከሌለ

አሁን ወደ ብዙዎቻችሁ ልምጣ። ዐረብ አገር የሄደ የለም፣ ፈረንሳይኛ የተማረ የለም። እንዲህ ከሆነ ወላጁ ከልጁ ጋር አብሮ ሊማረው የሚችል ቋንቋ ነው የሚመረጠው። አንድ ሳምንት ቀድማችሁ እየተማራችሁ የምታስተምሩት። እኔ ብጠየቅ ስዋሂሊ እላለሁ። ሰው ይገረማል። "ለምን ስዋሂሊ?" ይሉኛል።

መጀመሪያ ንባቡ። ስዋሂሊ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፣ እንደተጻፈም ይነበባል። ቁቤ የሚያነብ ልጅ ከጥቂት ፊደላት በቀር የመጀመሪያውን ቀን ጮክ ብሎ ያነበዋል። ወላጅም ማረም ይችላል። ከእንግሊዝኛ አጻጻፍ ጋር ለታገለ ሰው ይህ ዕረፍት ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ይጀምራሉ። እንግሊዝኛ ላይ ልጆቻችንን ስድስት ሰዓት እያስደመርንና እያስቀነስን እናሰቃያቸዋለን። በስዋሂሊ "ሳ ሞጃ" ማለት በቀጥታ 1 ሰዓት ነው፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ለመሄድ የምትሯሯጡበት ያው 1 ሰዓት። ደቂቃ "ዳኪካ" ነው፣ ወቅት "ዋካቲ"፣ ሰበብ "ሳባቡ"። ስዋሂሊ ብዙ ቃል ከዐረብኛ ስለተዋሰ፣ አማርኛም ከዐረብኛ ጋር ስለሚዛመድ ነው። ኤም ፔሳ ስልኩ ላይ ያለ ወላጅ ደግሞ "ፔሳ" ገንዘብ መሆኑን ለልጁ መንገር ይችላል።

የሚያስቸግረው የስሞች ምድብ ነው። ብዙ ቁጥር የሚሠራው ከቃሉ ፊት ነው። መጽሐፍ "ኪታቡ" ነው፣ መጻሕፍት "ቪታቡ"። ልጅ "ምቶቶ" ነው፣ ልጆች "ዋቶቶ"። ሌላው ቃል ሁሉ ከዚያ ጋር ይቀያየራል። ለዚህ ሕግ አታስተምሩ፤ ከነጠላው ጋር ብዙውን አብራችሁ እየተናገራችሁ ሂዱ።

ጥቅሙስ? ኬንያ ከሞያሌ ወዲያ ናት። ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳ፣ ምሥራቅ ኮንጎ ይሰማበታል። የአፍሪካ ኅብረት በ2022 እ.ኤ.አ. የሥራ ቋንቋው አድርጎታል። ከታንዛኒያ የሚወጡ የልጆች ካርቱኖችም ዩቲዩብ ላይ በነጻ አሉ።

ሌሎቹን ባጭሩ

ቻይንኛን አልጠላም። ችግሩ ወላጅ ማረም አለመቻሉ ነው። አንዱ ቃል በአራት ዓይነት ዜማ አራት ትርጉም ይሰጣል። ይህ በአማርኛ የለም፣ ጆሯችን አልለመደውም። ልጁ አፕሊኬሽን ላይ ስህተቱን ይዞ ሲያድግ አጠገቡ ያለው እናት አትሰማውም። ፊደሉንም ተዉት። በላቲን ሲጻፍ እንኳ ለአዳማ ልጅ ውዝግብ አለው። "ኤክስ" የምትባለው ፊደል በቁቤ "ጥ" ናት፣ በእንግሊዝኛ "ክስ"፣ በቻይንኛው የላቲን አጻጻፍ "ሽ" ወደሚመስል ድምፅ ትሄዳለች። "ኪው" በቁቤ "ቅ" ናት፣ እዚያ "ች" መሰል ናት። ቻይና ተምሮ የመጣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁና በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ከሆነ ቀጥሉ። ከሌለ ልጁ ከፍ ሲል ራሱ ይወስን።

ፈረንሳይኛ ጥሩ ነው፤ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ጋር ያገናኛል። ካናዳ ዘመድ ያለው ቤትም ያስብበት፤ ካናዳ ፈረንሳይኛ ለሚችል አመልካች ቅድሚያ የምትሰጥበት መንገድ አላት። ፈረንሳይኛ የሚያስተምረው አሊያንስ አዲስ አበባ አለ፣ ድሬዳዋም አለ። ለልጆች የሚሆን ዴልፍ ፕሪም የሚባል ፈተና ስላለ ልጁ ደረጃውን ማወቅ ይችላል። "ጅቡቲ ቅርብ ነው" የሚለው ምክንያት ግን ብዙም አያሳምነኝም። ባሌ እንደሚነግረኝ ወደብ ላይ ሱማሊኛና ዐረብኛ ይበልጥ ያግባባል። አማርኛ የሚችለውም ጥቂት አይደለም። የፈረንሳይኛ አጻጻፍ ደግሞ የማይነበቡ ፊደላት የሞሉበት ስለሆነ ቋንቋውን የማይችል ወላጅ ብቻውን አይወጣውም።

ጀርመንኛ ነርስ ወይም የሙያ ሠልጣኝ ሆኖ መሄድ ለሚያስብ ወጣት ነው። እዚያ የሚጠይቁት ቢ1 እና ቢ2 የሚባለው መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ደግሞ በ18 ዓመት ቢጀመርም በትጋት ይደረስበታል። ለሕፃን መጣደፍ አያስፈልግም። ቱርክኛና ኮሪያኛ ልጅቷ ከወደደችው ትማር፤ ፍቅር ካለ ማንም አያቆማትም።

አንድ ልኬት ልጨምር። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ለሥራ እስኪበቁ ለማስተማር ፈረንሳይኛ 30 ሳምንት ገደማ፣ ስዋሂሊ 36፣ አማርኛ 44፣ ዐረብኛና ቻይንኛ 88 ሳምንት ይመድባል። አማርኛችን መሐል ላይ ናት። ይህ ግን ከእንግሊዝኛ ለሚነሣ ሰው ነው። ከአማርኛ ስትነሡ የዐረብኛው መንገድ ያጥራል፣ የቻይንኛው እዚያው ነው።

ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ

ሁለት ቋንቋ ካማረጣችሁ ሁለት ሁለት ሳምንት ሞክሩ። የምትፈትኑት ልጁን አይደለም፤ ራሳችሁን ነው። ከሥራ ደክማችሁ ገብታችሁ የትኛውን አፋችሁ ላይ አገኛችሁት? እሱን ያዙ።

ሰዓቱን ከአንድ የቤት ሥራ ጋር እሰሩት። እኛ ቤት ከእራት በኋላ ዕቃ ሲታጠብ ዐረብኛ ነው። አንዱ ያጥባል፣ አንዱ ያለቀልቃል፣ እኔ እጠይቃለሁ። ሳህኑ ሲያልቅ ትምህርቱም ያልቃል። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት አስቀምጦ ከማስጨነቅ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይበልጣል። ልጁ በአማርኛ ቢመልስ አትቆጡ። ገብቶታል ማለት ነው። እናንተ በቋንቋው ቀጥሉ።

አባት ቤት ካልዋለ ድምፁ ይዋል። ባሌ ከጋላፊ ወዲያ ሆኖ በቴሌግራም አጭር ድምፅ ይልካል። በዐረብኛ ነው። ምን በላሁ፣ ምን አየሁ፣ መኪናው ምን ሆነ። ልጆቹ ደጋግመው ይሰሙታል፤ አባታቸው ስለሆነ። ይህንን ያህል የሚደገም ትምህርት እኔ አላውቅም።

እንግዳ ፊት "እስቲ ተናገር" አትበሉ። ይህ የእኛ አገር ልማድ ነው፣ በፍቅርም ነው። ግን ልጁ ያፍራል፣ እንግዳው ይስቃል፣ በማግሥቱ ልጁ አፉን አይከፍትም። ቅር የሚለው እንግዳ ቅር ይበለው።

መጻፍ አታስቸኩሉ። ሀሁና ቁቤ ሳይረጉ ሦስተኛ ፊደል ማምጣት ሁሉንም ያደፈርሳል። እስከ 3ኛ ክፍል ገደማ በጆሮና በአፍ ብቻ ይሁን። መጻፍ ሲጀመር ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ ቀለም ያለው ደብተር ግዙ፤ አንድ ደብተር ላይ አታደባልቁ።

ስድብም ይማራሉ። እኔ አንድም አላስተማርኩም ብዬ ነበር፤ ስልክ ላይ ከቤሩት ጓደኛዬ ጋር ሳወራ ለካ ይሰሙኝ ኖሯል። ያንን አትከልክሉ ብዬ አልመክርም። ግን ልብ በሉ፤ ልጅ የሚይዘው ከልብ የተነገረውን ነው።

አስጠኚ የምትቀጥሩ ከሆነ

ከአንድ ዓመት በኋላ የእናንተ ቋንቋ ያልቃል። ያኔ አስጠኚ ይታሰባል። የምስክር ወረቀቱን ከማየታችሁ በፊት ከልጁ ጋር አምስት ደቂቃ እንዲያወራ አድርጉና አጠገባቸው ሆናችሁ ሽንኩርት ላጡ። ቋንቋውን ባታውቁትም የሚታይ ነገር አለ። ማነው ይበልጥ የሚያወራው? አስጠኚው ብቻ ካወራ አይሆንም። ሰዋስው በአማርኛ ካስረዳም አይሆንም። ልጁ አንዴ ከሳቀና አንዴ ከመለሰ ይሞከር።

ትምህርቱ ሳሎን ይሁን፣ በሩም ክፍት ይሁን፤ አስጠኚው የቅርብ ዘመድ ቢሆንም። ክፍያው በወር በወሩ ነው። የሦስት ወር ቅድሚያ ለሚጠይቅ "የመጀመሪያውን ወር እንየው" በሉት። ዐረብኛ ከሆነ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት የየትኛው አገር አነጋገር እንደሆነ ጠይቁ። እናት የቤሩትን፣ አስጠኚው የካርቱምን ከሆነ ልጁ እንዳይደናገር አስጠኚው በፉስሓ ንባብ ላይ ብቻ ይሥራ፤ ወሬውን ለእናትየው ይተውላት።